መልስ፦ ስታር ስኪማን ከጥሬ ሠንጠረዥ ጋር በአንድ ሪፖርት

ስታር ስኪማችሁን (ለሪፖርት እንዲመች ተብሎ የተደራጀውን ዳታ) ከሽያጭ ሲስተሙ ጥሬ ሠንጠረዦች ጋር በአንድ ሪፖርት ማደባለቅ ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል። ግን እባክህ ዝም ብለህ ጆይን አታድርጋቸው፤ ማለትም ረድፎቻቸውን በቀጥታ አታገናኝ።

ጣጣው ያለው አንድ ረድፍ ምንን ይወክላል የሚለው ላይ ነው። አንድ ትዕዛዝ 3 ዕቃ አለው እንበል። የማድረሻ ክፍያው 100 ነው፤ የተመዘገበውም ትዕዛዙ ላይ አንዴ ብቻ ነው። ከዕቃዎቹ ሠንጠረዥ ጋር ስታገናኘው ያው 100 ሦስቴ ይደገምና ድምሩ 300 ይሆናል። ኤስኪውኤሉ (ዳታውን የምትጠይቅበት ኮድ) ምንም ስህተት አያሳይህም፤ የሚያስፈራውም ይሄ ነው። እኔ ያወቅኩት ሪፖርቱ አለቆች እጅ ከገባ በኋላ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ደምር። ከዚያ እንደ ቀንና ደንበኛ ባሉ የጋራ ዳይሜንሽኖች (ቁጥሮቹ በሚከፋፈሉባቸው መግለጫዎች) አገናኛቸው። ጥሬው ሠንጠረዥ ለዝርዝር ብቻ ይሁን፤ አንባቢው ድምሩን ሲጫን ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ የሚያይበት። ለዚህ እንዲመችህ የትዕዛዝ ቁጥሩን ፋክት ሠንጠረዡ ውስጥ፣ ማለትም የሚደመሩት ቁጥሮች ባሉበት የስታር ስኪማው ዋና ሠንጠረዥ ውስጥ፣ አስቀምጠው።

ደግሞ ስታር ስኪማው የሚታደሰው ሌሊት ከሆነ፣ ቀን ላይ የገቡት ትዕዛዞች ዝርዝሩ ላይ ይታያሉ፣ ድምሩ ላይ ግን የሉም። ዝርዝሩን ቢያንስ እስከ መጨረሻው የዳታ ጭነት ሰዓት ድረስ ገድበው።