ነርቩ ብቻ ይላቀቅ ወይስ አጥንቱም በብሎን ይታሰር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። ለረጅም ጊዜ ስቆም ወይም ጥቂት ስራመድ ከመቀመጫዬ ተነሥቶ ሁለቱን እግሮቼን እያደነዘዘ የሚወርድ ሕመም አለብኝ፤ ቁጭ ወይም ጎንበስ ስል ይተወኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንቶች መካከል የነርቭ መተላለፊያው መጥበቡ፣ የላይኛውም አጥንት በጥቂቱ ወደ ፊት መንሸራተቱ ተነገረኝ። አንዱ ሐኪም ነርቩን የተጫነውን አጥንት ማንሣት ይበቃል ሲሉ፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱ አጥንቶች በብሎን ታስረው መያያዝ አለባቸው አሉኝ። አንድ ዘመዴ ከታሰረለት ከዓመታት በኋላ ከታሰረው በላይ ያለው ቦታ ተበላሽቶ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የቀረውን አከርካሪ ያበላሸው መታሰሩ ነው? የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሁለቱ ሐኪሞች ምክር ባይገጥምም አንዳቸውም ከሙያው ውጪ አልተናገሩም፤ የእርስዎ ዓይነት ችግር ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው።

ሕመሙ ሲቆሙ የሚብሰው ወገብ ሲቀና መተላለፊያው ይበልጥ ስለሚጠብ ነው፤ ሲያጎነብሱ ስለሚሰፋ ደግሞ ይቀልልዎታል። አጭር መንገድ በእግሩ መሄድ የተሳነው ሕመምተኛ ብስክሌት ያለ ችግር ሲነዳ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማላቀቂያው ቀዶ ሕክምና ከነርቮቹ በስተጀርባ ያለውን የአጥንት ክፍልና የወፈረውን ጅማት አንሥቶ ቦታ ይሰጣቸዋል። በማሰሪያው ላይ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ብሎንና ዘንግ ይገባል፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከል የሚደረገው የአጥንት ቁራሽም በወራት ውስጥ አንድ ያደርጋቸዋል። ዘላቂውን ሥራ የሚሠራው ብሎኑ ሳይሆን ይህ አጥንት ስለሆነ፣ በደንብ ካልገጠመ ብሎኑ ውሎ አድሮ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል። ሲጋራ የአጥንቱን መግጠም ያውካልና የሚያጨሱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድመው ይተዉ።

ወደ ዘመድዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ አንድ መገጣጠሚያ መታጠፍ ሲያቆም እርሱ ይሸከመው የነበረው እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤቶቹ፣ ይልቁንም ከበላዩ ወዳለው ይዛወራል። ብሎኑ ሲገባ የላይኛው መገጣጠሚያ ከተነካ፣ ወይም ወገቡ ተፈጥሯዊ ጉድባውን አጥቶ ቀጥ እንዳለ ከታሰረ ጫናው ይከፋል። ሆኖም አንዱ ዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ) ያረጀበት ሰው የሌሎቹም እርጅና በአብዛኛው ተጀምሯል፤ ምንም ቀዶ ሕክምና ያልነካው አከርካሪም በዕድሜ ይጠባል። ስለዚህ በዘመድዎ ላይ የደረሰው ምን ያህሉ ከመታሰሩ፣ ምን ያህሉ ከዕድሜው እንደመጣ በአንድ ሰው ታሪክ መለየት አይቻልም። ይህን መለየት የሚቻለው ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በማነጻጸር ነው።

በስዊድን ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ 247 ሰዎች በዚህ መንገድ ተከፍለው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች ሕመምና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም፤ የታሰሩት ግን በአማካይ 7.4 ቀን፣ ያልታሰሩት 4.1 ቀን ሆስፒታል ቆይተዋል። በኋላ በኤምአርአይ ሲታዩ አዲስ መጥበብ፣ በተለይ በጎረቤት ቦታ፣ በታሰሩት ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ስጋትዎ መሠረት የሌለው አይደለም ማለት ነው፤ ነገር ግን በፎቶ ላይ የታየ መጥበብ ሁሉ አያምም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው የኖርዌዩ ጥናት ነው፤ የተካተቱት 267 ሰዎች ሁሉ እንደ እርስዎ አጥንታቸው የተንሸራተተ ነበሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው ነርቫቸው ብቻ ከተላቀቀላቸው 71.4 በመቶ፣ ከታሰሩት 72.9 በመቶ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ በቂ መሻሻል አሳይተዋል። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ደግሞ ከተላቀቀላቸው 12.5፣ ከታሰሩት 9.1 በመቶ ነበሩ። ማላቀቁም የራሱ ዕዳ አለበት፤ አጥንቱ ይበልጥ ሊንሸራተት፣ ያው ቦታም እንደገና ሊጠብ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት እንዲያውም ለማሰሩ መጠነኛ ብልጫ ሰጥቷል።

እኔ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ብጠየቅ፣ ዋናው ሕመም የእግር ከሆነና መንሸራተቱ ካልተንቀሳቀሰ ነርቩን ማላቀቅ ብቻ ይቅደም እላለሁ። ለሁለተኛው ሐኪም የሚያቀርቡት ጥያቄ «ማሰር ያስፈለገው ምን አይተው ነው?» የሚል ይሁን። አጥንቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ አከርካሪው ከተጣመመ፣ ወይም ነርቩን ለማላቀቅ የመገጣጠሚያው አብዛኛው ክፍል መነሣት ካለበት ማሰሩ አሳማኝ ምክንያት አለው። ኤምአርአይ ተኝተው ስለሚነሡት መንሸራተቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ቆመው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታጥፈው የተነሡት ራጅ ከሌለ እርሱ ይታዘዝልዎ። ማላቀቁ ከወገብ ሕመም ይልቅ የእግሩን እንደሚያስታግስም አስቀድመው ይወቁ።

ለመወሰን ጊዜ አለዎት፤ ፊዚዮቴራፒ ካልሞከሩም ይሞክሩ። ነገር ግን ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተዎ፣ በጭኖችዎና በመቀመጫዎ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ወይም እግርዎ በድንገት ከዛለ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።