ኬላ ላይ ስልክዎን ክፈቱ ሲባሉ፦ የአንባቢያን የሕግ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ እየሠራሁ ማታ በሚኒባስ ወደ ደሴ እመለሳለሁ። ኬላ ላይ «ውረዱ» ተብለን እንፈተሻለን፤ እሱስ ለጸጥታ ነው። ሰሞኑን ግን ፈታሹ ስልኬን አስከፍቶ ቴሌግራሜን አነበበ። አብራን የተሳፈረች ልጅንም የዳበሳት ወንድ ነው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል?

መልስ፦ ከልጅቷ እንጀምር። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር አንድ ጾታ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጹ የሚናገረው ተጠርጥሮ ስለተያዘ ሰው ነው፤ ለተያዘ ሰው የተሰጠ ጥበቃ ምንም ላልተጠረጠረች ተሳፋሪ ሊነፈግ አይችልም። ሴት ፖሊስ አለመመደቧ የኃላፊዎቹ ጉድለት እንጂ ልጅቷ የምትከፍለው ዕዳ አይደለም።

የስልኩ ጉዳይ ይከብዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አካልን፣ ቤትንና ንብረትን ከመፈተሽ ይጠብቃል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንደማይደፈር በግልጽ ይናገራል። ይህ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለዚያው በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ኬላ ላይ የሚፈለገው መሣሪያ ከሆነ ወገብና ሻንጣ ይታያል፤ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ቴሌግራም የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው» የሚል መልስ ከሰጡዎት፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የታወጀው ለስድስት ወር ጸንቶ፣ አራት ወር ተራዝሞ፣ በ2016 ጊዜው አልቋል።

እዚያው ምን ያድርጉ? እጅ አይግፉ፣ አይጩኹ፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ አይሞክሩ፤ ጨለማ ውስጥ ነገሩ ወደ ሌላ ሊዞር ይችላል። ሌላው ተሳፋሪ እንዲሰማ ረጋ ብለው «የሚፈለገው ምንድን ነው? በፈቃዴ አልከፍትም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ በግድ ቢወስዱት አይታገሉ፤ ፈቃደኛ አለመሆንዎ ተሰምቷል። ገንዘብ ከኪስዎ ከወጣ፣ ሰው ፊት ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ስልኩ እነሱ ዘንድ የሚቀር ከሆነ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይጠይቁ። *#06# ሲደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ገልብጠው ቤት ያስቀምጡ፤ ስልኩ ከተወሰደ በኋላ ማግኘቱ ሊከብድዎ ይችላል።

እዚህ ላይ ቅሬታ የሚከሽፍበትን ምክንያት እንናገር። ብዙው ሰው ከሳምንት በኋላ ሄዶ «አንድ ፖሊስ» ይላል። የትኛው ፖሊስ? በስንት ሰዓት? ያንኑ ማታ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በደንብ ልብሱ ላይ ያለውን ስም ወይም ቁጥር፣ የሚኒባሱን ሰሌዳና የሁለት ተሳፋሪ ስልክ ይጻፉ። በእንግሊዝና በዌልስ በ1984 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የፖሊስ ሕግ ፈታሹ ስሙንና ጣቢያውን፣ የሚፈልገውን ነገርና የፍተሻውን ምክንያት አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዳል፤ ተፈታሹም በሦስት ወር ውስጥ የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ መጠየቅ ይችላል። እኛም ኬላዎች ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። በትክክል የሚሠራውን ፖሊስም ከሐሰት ክስ የሚያድነው ይኸው መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤታችን ተፈተሸ፤ ወረቀት አላሳዩንም።

መልስ፦ ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ትእዛዝ የማያስፈልገው በሁለት ሁኔታ ነው፦ ተጠርጣሪው እየተባረረ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ሲጥል፣ እንዲሁም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ፣ ክስ ወይም አቤቱታ በቀረበበት ወንጀል ማስረጃ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ኖሮ ትእዛዝ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን። ትእዛዝ ካለ የሚፈለገው ዕቃ በውስጡ ተዘርዝሯል፤ ከዚያ ውጭ መውሰድ ክልክል ነው። የተወሰደው ይመዝገብ፣ ጎረቤት አይቶ ይፈርም።

ጥያቄ፦ አቤቱታው የት ይገባል?

መልስ፦ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ካልሆነ ለከተማው ፖሊስ መምሪያ። መዝገብ ቤት ሁለተኛው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ሳያደርግልዎ አይውጡ። ምላሽ ከጠፋ ያንኑ ቅጂ ይዘው ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይሂዱ። የታሰረ ሰው ካለ ግን ደብዳቤ ጠብቀው አይቀመጡ፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ ቤተሰቡ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ያቅርብ።