የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ወረቀት የት ነው?

ልጆቼ፣

በማዋለድ ሥራ ላይ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። ከወጣት እናቶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የመጀመሪያ ልጄን በኦፕሬሽን ወልጃለሁ፤ ሁለተኛውን በምጥ መውለድ እችላለሁ?» ብዙዎቻችሁ መልሱን ሰምታችሁ ነው የምትመጡት። አንዴ በኦፕሬሽን ከሆነ ሁሌም በኦፕሬሽን ነው ተብላችኋል።

ይህን አባባል እ.ኤ.አ. በ1916 የጻፈው ኤድዊን ክሬጊን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ያኔ ማህፀን የሚከፈተው በቁመት ነበርና ፍርሃቱ እውነት ነበረው። በቁመት የተቆረጠ ማህፀን ምጥ ሲበረታ ሊተረተር ይችላል። ዛሬ ግን አብዛኛው ኦፕሬሽን የሚሠራው በማህፀን ታችኛው ክፍል፣ በአግድም ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጠባሳ ምጥን በተሻለ ይችላል። አንዴ በዚህ መንገድ ወልደው ምጥ ከሚሞክሩ 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ከዚያ በፊት በምጥ የወለደችማ ዕድሏ ከዚህም ይበልጣል።

ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ማህፀናችሁ እንዴት እንደተቆረጠ የተጻፈበትን የኦፕሬሽን ወረቀት ነው። ሆዳችሁ ላይ ያለው ጠባሳ የውስጡን አይናገርም። ቆዳው በአግድም ተቆርጦ ማህፀኑ በቁመት ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

አንዲት እናት ሌሊት ምጥ ይዟት መጣች። በምጥ ለመውለድ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትዘጋጅ ቆይታለች። የመጀመሪያ ልጇ ግን ገና ሰባት ወር ሳይሞላው በኦፕሬሽን የወጣ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ በቁመት ይቆረጣል። ወረቀት የላትም፤ ማንም አልሰጣትም። ሰጋንና ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አስገባናት። ስንከፍተው ጠባሳው በአግድም ነበር። እሷም ልጇም ደህና ናቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠባሳችሁ በአግድም ቢሆንም ስጋቱ ጨርሶ አይጠፋም። ምጥ ከሚሞክሩ 200 ሴቶች በግምት አንዷ ማህፀኗ ሊተረተር ይችላል። ሲተረተር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው የልጁ የልብ ምት ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ አትሞክሩት የምላችሁ፤ የልብ ምቱን የሚከታተል ሰውና በማንኛውም ሰዓት ኦፕሬሽን የሚሠራ ሐኪም ያለበት ቦታ ይሁን። ምጥ ለማምጣት ሚሶፕሮስቶል እንሰጥሻለን ከተባላችሁ፣ ጠባሳ እንዳለባችሁ ወዲያው ተናገሩ። መድኃኒቱ ለእናንተ አይሆንም። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ቢያንስ 18 ወር ቢኖርም ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ለምን በኦፕሬሽን እንደሆነም ጠይቁ። ልጁ በመቀመጫው መጥቶ ከነበረ፣ ያ ምክንያት ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ብዙ ልጅ ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኦፕሬሽን በተደጋገመ ቁጥር እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ የመጣበቅ ስጋቱ ይጨምራል። ይህን ቀድሞ የሚነግራችሁ ብዙ የለም።

ምጡ ተሞክሮ ኦፕሬሽን ካስፈለገም፣ እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ስታለቅሱ ብዙ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበላዋል።

አሁን ግን ወረቀቱን ፈልጉት። ከሌለ የወለዳችሁበት ሄዳችሁ ማህፀናችሁ እንዴት እንደተቆረጠ አስጽፉ። ፎቶ አንሱትና ለባላችሁም ላኩለት። ምጥ ሲመጣ ወረቀት የምትፈልጉበት ፋታ አይኖራችሁም።