የድሮ የውሃ ፓምፕን በእጅ የሚሞከር ማሳያ ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ለሙዚየም የድሮ የእጅ ፓምፕ ማሳያ ስለመሥራት ከጠየቃችሁኝ ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አሮጌ የብረት ፓምፕ አግኝተናል። አድሰነው ጎብኚው ይሞክረው?

መልስ፦ ባይሆን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲናጥ ከዋለ የእጀታው ማያያዣ ፒን ይበላል፣ የፒስተኑ (ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክፍል) ቆዳ ይቀደዳል፤ መለዋወጫ ሲገባለት ደግሞ የድሮነቱ ነገር ይጠፋል። ዝገቱ እንዳይብስ አድርጋችሁ ለዓይን አቁሙት። ለእጅ አዲስ ቅጂ ሥሩ።

ጥያቄ፦ ውስጡ እንዲታይስ?

መልስ፦ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ፣ ከግልጽ አክሪሊክ (መስታወት ከሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ሥሩት። እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። እጀታው ወደ ታች ሲጫን ፒስተኑ ይወጣል፣ የታችኛው ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን) ተከፍቶ ውሃ ይገባል። እጀታው ሲነሳ የታችኛው ይዘጋል፤ ፒስተኑ ላይ ያለው ተከፍቶ ውሃው ወደ ላይ ያልፋል። ሁለቱን ቫልቮች በተለያየ ደማቅ ቀለም ሥሯቸው፤ ያኔ ማብራሪያ ጽሑፉን ግማሹን መቀነስ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ከስንት ሜትር ጥልቀት ይስባል?

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ፓምፑ ከላይ አየሩን ይቀንሳል እንጂ ውሃውን የሚገፋው ከታች ያለው የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ውሃ ይሸከማል። በተግባር ግን ከ7 ወይም 8 ሜትር በላይ መጠበቅ አያዋጣም። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ፓምፕ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ውሃ እንደማያወጣ ጽፎ ነበር። ነገሩን በአየር ክብደት ያስረዳው ግን ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ ነው። ሕንፃችሁ ረጅም ደረጃ ካለው ከ11 ሜትር ያላነሰ ግልጽ ቱቦ ዘርጉበት። ጎብኚው የፈለገውን ያህል ቢለፋ ውሃው መንገድ ላይ ቀጥ ይላል! ቱቦው ጠንካራ ይሁን፤ ለስላሳ ከሆነ ይጨማደዳል።

ጥያቄ፦ ለልጆች አይከብድም?

መልስ፦ እጀታውን አስረዝሙት። ጣት የሚቆነጥጡ መገጣጠሚያዎችን ሸፍኑ።

ጥያቄ፦ ውሃው አይበላሽም?

መልስ፦ ያንኑ ውሃ ስለምታዞሩት ይበላሻል። በየጊዜው ለውጡት፣ ክሎሪን ጨምሩበት፣ «አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ውሃ አልስብ ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቆዳው ደርቆ ተኮማትሮ አየር እያሳለፈ ይሆናል። ከላይ ትንሽ ውሃ አፍስሱበት፤ ሲርስ አብጦ ይገጥማል። ይህን ሥራ ለመጀመሪያው ጎብኚ ተዉለት። አጠገቡ ኩባያ አስቀምጡ።