ልሙጡ ቬሎ ቀላል እንዳይመስልሽ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! «ሰርጌ ጥር ላይ አዲስ አበባ ነው፣ በተክሊል ነው የምንጋባው። አሁን የተያዘው የቬሎ ፋሽን የትኛው ነው? እዚህ አሜሪካ ከዲዛይነር ልግዛ ወይስ አገር ቤት ላሰፋ?» ብለሽ ከሦስት ፎቶ ጋር የለጠፍሽውን አየሁት። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የሙሽራ ልብስ የሚያስተካክል ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ቬሎን የማውቀው በገበሩ በኩል ነው። ትንሽ ይረዝምብሻል፣ ቻይኝ።

ሦስቱም ፎቶዎችሽ የወቅቱ ናቸው። አንደኛው ልሙጥ ነው፤ ዳንቴል የለው፣ ዶቃ የለው፣ አንገቱ አራት ማዕዘን፣ ጨርቁ ደረቅ ያለ ሚካዶ። ሁለተኛው ወገቡ ከፊት ሾል ብሎ ወደ ታች የሚወርደው፣ ባስክ የሚሉት። ሦስተኛው የኮርሴቱ አጥንት (ቅርጹን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ቀጭን ዘንግ) በስስ ጨርቅ ውስጥ የሚታየው። ከነዚህ ሌላ የሚነቀል እጅጌ፣ ትልልቅ ሪቫን፣ ሉል የተበተነበት ዓይነ ርግብ በብዛት ይጠየቃል። (ቬሎ በጣልያንኛ ራሱ ዓይነ ርግቡ ነው እኮ፤ እኛ ስሙን ወስደን ለቀሚሱ ሰጠነው።)

ልሙጡ ዛሬ የመጣ አይደለም። የእኛዋ የሙሽራ ልብስ ዲዛይነር አምሳለ አበራ እ.ኤ.አ. በ1985 ልታገባ ስትል ገበያው ላይ ያገኘችው ሁሉ ጌጥ የተጫነበት ሆኖባት የራሷን ቀሚስ ራሷ ሠራች። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥታ ለሌሎች ሙሽሮች መሥራት ጀመረች፤ በኋላ ኒው ዮርክ ማዲሰን አቬኑ ላይ ሱቅ እስከ መክፈት ደረሰች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2018 ሚያዝያ ነው። በወሩ ሜጋን ማርክል አንድም ዳንቴል የሌለበት ዢቫንሺ የተባለው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት ቀሚስ ለብሳ የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ስታገባ፣ እኛ ሱቅ የሚመጣው ሁሉ «እንደሷ» ማለት ጀመረ።

ግን ልንገርሽ፣ ከሁሉም የሚከብደው ልሙጡ ነው። ዳንቴል ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ ስንት የተበላሸ ስፌት ላይ አበባ ለጥፌ አልፌያለሁ። ሚካዶና ሳቲን ግን የመርፌ ቀዳዳ ይዘው ይቀራሉ። አንዲት ሙሽራ ልሙጥ ሳቲን ከኢንተርኔት በርካሽ አዝዛ መጣች። ፎቶው ላይ እንደ መስታወት ያበራል፤ እጃችን ሲገባ ስስ፣ ገበር የሌለው፣ ጎኑ የተሸበሸበ። ልናሰፋው ስንፈታው የድሮው ስፌት እንደ ነጠብጣብ ተሰልፎ ቀረ። መጨረሻ ላይ ሰፊ ቀበቶ ሰፍተንበት ነው የዳነችው። ስለዚህ ልሙጥ ከመረጥሽ ገንዘብሽን ጨርቁና ልኩ ላይ አውጪ፤ ሁለት ልክ መሃል ከሆንሽ ትልቁን ያዢ። ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት ግን ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ አይሞከርም።

ሁለተኛው ነገር ተክሊሉ ነው። ዲዛይነሮቹ ካባ ይደረብበታል ብለው አይሠሩም። እኔ ሳገባ እጅጌዬ የተነፋ ነበር። ካባው ሲያርፍበት ተጨፈለቀ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የተጨመደደ ወረቀት መስሎ በፎቶ ቀርቷል፤ እናቴ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ደግሞ ጾመሽ፣ ቅዳሴ አስቀድሰሽ፣ ስትቆሚና ስትሰግጂ ሰዓታት ይሄዳል። የሁለተኛው ፎቶ ሾል ያለ ወገብ አጥንት ካለበት ስትቀመጪ ሆድሽን ይወጋሻል። ሦስተኛውን ለቤተ ክርስቲያን አልመክርሽም፤ ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ልብሱን ስትለኪ መስታወት ፊት ቆመሽ ብቻ አትውጪ። ተቀመጪ፣ ጎንበስ በይ፣ እጅሽን አንሺ፣ ሻጯ ብትስቅም እስክስታ ምቺ። ከትከሻ ወርዶ ክንድ የሚይዘው እጅጌ ፎቶ ላይ ያምራል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ክንድሽን ከጎንሽ ጋር ያስርሻል።

ለዚህ ነው ከዘንድሮው ፋሽን ሁሉ የሚነቀለውን እጅጌ የምወደው። ከካባው ሥር ሲሆን ረጅምና ጠባብ፣ አዳራሽ ስትገቢ ወልቆ ሌላ ቀሚስ። ማያያዣው ግን በቁልፍና በቀለበት ይሁን፤ ተጭኖ የሚዘጋው ብረት ጭፈራ ላይ ይፈታል። መሬት ለመሬት የሚጎተተውንም ከኋላ ወደ ላይ የሚይዝ ማንጠልጠያ አሠሪለት፣ አለዚያ ሚዜዎችሽ ሲረግጡት ያመሻሉ።

ልግዛ ወይስ ላሰፋ ላልሽው፦ እዚህ በትዕዛዝ የሚሠራ የዲዛይነር ቬሎ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ወር ይፈጃል፣ ማስተካከያው ደግሞ ሌላ ጊዜና ሌላ ገንዘብ ነው፤ ዋጋው ውስጥ ያለ እንዳይመስልሽ። ጊዜ ካጠረሽ ሱቁ ውስጥ ለማሳያ የተሰቀለውን በቅናሽ ይሸጡልሻል፤ ብብቱንና የታችኛውን ጠርዝ አይተሽ ግዢ። አገር ቤት ጎበዝ ሰፊ ሞልቷል፤ ችግሩ አንቺ እዚህ ሆነሽ ልብሱ እዚያ መሆኑ ነው። ልሙጥ ቀሚስ በስልክ በተላከ ልኬት አይሰፋም፤ ጥር ሲቃረብ ደግሞ ሰፊው ሁሉ ይጨናነቃል። ከዚህ ገዝተሽ ከሄድሽ አውሮፕላን ውስጥ ይዘሽው ግቢ፣ ከሻንጣ ጋር አታስጭኚው።

ለመልሱ ግን ያለጥርጥር እዚያው አሠሪ። የሽሮ ሜዳን መነንና የእጅ ጥልፍ እዚህ ማንም አይሠራልሽም። ጥልፉን ገልብጠሽ ከውስጥ በኩል እዪው፣ የእጅ ሥራ መሆኑ እዚያ ይታወቃል።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ከሚነቀል እጅጌ ጋር እይዝ ነበር። አንድ ነገር አልጻፍሽም፦ ጫማሽን ገዝተሻል? የተረከዙን ቁመት ሳትወስኚ ማንም ቀሚሱን እንዳያሳጥርብሽ።