የጎረቤት ድመቶች ጓሯችንን መጸዳጃ አደረጉት

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ጉዳይ ለብዙ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ቤተሰብ ግን የየዕለት ጭንቀት ሆኖብናል። ከቤታችን ጀርባ ለልጆቻችን መጫወቻና ለጥቂት አትክልት ማብቀያ ብለን ያዘጋጀነው ጓሮ አለ። በግራም በቀኝም ያሉት ጎረቤቶቻችን ድመቶች አሏቸው፤ ድመቶቹ ደግሞ ሌሊት ሌሊት አጥሩን እየዘለሉ ገብተው ጓሯችንን መጸዳጃ አድርገውታል።

በቅርቡ ካሮት ልዘራ ብዬ መደቡን ቆፍሬ፣ ጓሉን አድቅቄ፣ አፈሩን ካለሰለስኩ በኋላ ዘሩን በመስመር ዘራሁ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ መደቡ እዚህም እዚያም ተጭሮ፣ ዘሩ ከነአፈሩ ወደ ጎን ተገፍቶ ትንንሽ ክምር ሠርቶ አገኘሁት። አንዱን ክምር በእንጨት ገለጥ ሳደርገው የድመት ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ የባሰው ግን የአሸዋው ነገር ነው። ለትንሹ ልጃችን መጫወቻ እንዲሆነው በአንድ ጥግ አሸዋ አፍስሰንለት ነበር፤ በአካፋው ሲዝቅ የደረቀ ዓይነ ምድር አውጥቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በእጁ ይዞ ሊያሳየኝ መጣ። ልጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚወስድበት ዕድሜ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የድመት ዓይነ ምድር ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው ሲባል ስለሰማሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በስተቀኝ ያሉት ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጆቼን እንደ ልጅ ልጆቻቸው ያዩአቸዋል፤ በቸገረን ጊዜም ቀድመው የሚደርሱልን እርሳቸው ናቸው። ነገሩን በትሕትና ሳነሣላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «የኔ ልጅ፣ ታዲያ ድመት አስሬ ላኑር? ደግሞስ የኔዋ መሆኗን በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። በስተግራ ካሉት ጎረቤቶቻችን ጋር ደግሞ ከእግዚአብሔር ሰላምታ ያለፈ ቅርርብ የለንም።

ባለቤቴ ጓሮውን በረኪና እንርጨው ይላል። ወንድሙ ደግሞ «ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጋችሁ ጣሉላቸው፤ በአንድ ሌሊት ትገላገላላችሁ» ብሎ መክሮናል። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም። አደጋው የእውነት ነው ወይስ እኔ አጋንኜው ነው? ድመቶቹንስ ሳንጎዳና ከጎረቤቶቻችን ሳንቀያየም እንዴት ማስቀረት እንችላለን? ምክርዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ጭንቀት የገባት እናት

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ሌላው ጥቂት ቢቆይ አይጎዳምና አስቀድሜ የእርግዝናዎን ነገር ላንሣ። የሰሙት በሽታ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ ሲሆን፣ በድመት አንጀት ውስጥ ተራብቶ ዕንቁላል መሰል ቅንጣቶቹ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣሉ። ድመት እነዚህን ቅንጣቶች የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚደርስ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጓሮዎ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ተሕዋሲው አለበት ማለት አይደለም። ቅንጣቱ እንደወጣም ወዲያው አይበክልም፤ ለዚያ ከ1 እስከ 5 ቀን ያስፈልገዋል። ክፉነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው የሚያዘው አፈር የነካ እጁን ሳይታጠብ ሲመገብ፣ በደንብ ያልታጠበ ጥሬ አትክልት ሲበላ፣ እንዲሁም በሚገባ ያልበሰለ ሥጋ ሲበላ ነው። ድመት በመደባበስ ብቻ መያዝ ብዙም የሚያጋጥም አይደለም።

ለፅንሱ ዋናው ሥጋት እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት የተያዘች እንደሆነ ነው፤ ቀደም ብላ የተያዘች ጤነኛ እናት አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቷ መከላከያውን አበጅቷል። ከሁለቱ በየትኛው ወገን እንዳሉ የደም ምርመራ ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቀጣዩን የክትትል ቀን ሳይጠብቁ የሆነውን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሯቸው። እስከዚያው ድረስ መደብ መቆፈሩንም ሆነ ዓይነ ምድር ማንሣቱን ሙሉ በሙሉ ለባለቤትዎ ይተዉ። የግድ አፈር የሚነኩ ከሆነ ግን ጓንት ያድርጉ፤ ጓንቱን ካወለቁም በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። እንግዲህ ፍርሃትዎ መሠረት አለው፤ ይሁንና በጥንቃቄ ሊከላከሉት የሚችሉት አደጋ ስለሆነ እንቅልፍ ሊያሳጣዎ አይገባም።

የልጅዎ ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። ለሕፃናት ይበልጥ የሚያሳስበው የድመት ወስፋት ነው። የወስፋቱ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከቆየ በኋላ የመበከል አቅም ያገኛል፤ ዓይነ ምድሩ ደርቆና በኖ ከዓይን ከጠፋም በኋላ ዕንቁላሉ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ልጅ ከዋጠው እጩ ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ይዘዋወራል፤ አልፎ አልፎም ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ አሸዋውን አጣርቶ ለመጠቀም አይሞክሩ። ሙሉ በሙሉ ይወገድና በአዲስ ይተካ፤ አዲሱም ጠርዝ ባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ልጁ በማይጫወትበት ሰዓት ሁሉ በደንብ በሚገጥም ክዳን ይሸፈን። ክፍት አሸዋ ባለበት ጓሮ ውስጥ ድመትን በሌላ ዘዴ ለማስቀረት መድከም ከንቱ ነው፤ ለድመት ከደረቅ አሸዋ የተሻለ መጸዳጃ የለምና። ልጁ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም የዓይን ችግር ካሳየ ለሐኪም ስታሳዩት አሸዋው ውስጥ የድመት ዓይነ ምድር እንደነበረ መናገር አትርሱ።

አሁን ወደ ጓሮው እንምጣ። ድመት ቦታ የምትመርጠው በደረቅነቱ፣ በልስላሴውና ለመቆፈር በመመቸቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጠቀመችበት ደግሞ ሽታው ይመልሳታል። እርስዎ ለካሮቱ ያዘጋጁት መደብ ለዘር የሚመቸውን ያህል ለእርሷም የሚመች ነበር። መፍትሔውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከምንም በላይ የምተማመንበት ዘዴ የዶሮ ሽቦ በመባል የሚታወቀውን የሽቦ መረብ መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። ዘሩ እንደተዘራ መረቡ በመደቡ ላይ ተዘርግቶ፣ የተቆረጠው ጠርዙ እጅና እግር እንዳይወጋ ወደ ታች ታጥፎ፣ በቀጭን አፈር ይሸፈን። ቡቃያው በቀዳዳዎቹ መካከል ይወጣል፤ ድመቷ ግን መዳፏን ስታሳርፍ ሽቦ ስለሚያጋጥማት መቆፈር አትችልም፤ መቆፈር ካልቻለች ደግሞ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ካሮት ሥሩ ሲወፍር ሽቦው እንዳያንቀው፣ ቅጠሉ ጠንከር ሲል መረቡን በጥንቃቄ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለሌላው አትክልት ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለውን መርጦ እስከ መጨረሻው መተው ይቻላል። መረብ ካልተገኘ ጭራሮ ወይም ቀጫጭን እንጨቶችን ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት መደቡ ላይ መሰካትም ይረዳል፤ ድመት ተመቻችታ የምትቀመጥበትና ዞር የምትልበት ቦታ ካጣች ትሄዳለች።

ያልተዘራበት መሬት ባዶውን አይደር። ሻካራ ጠጠር ወይም የእንጨት ቅርፊት ይጎዝጎዝበት፤ ከተቻለም ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ተክል ይሸፍነው። ድመት እርጥብ አፈር ስለማትወድ መደቡን ማምሻውን ማጠጣትም ይጠቅማል። እንቅስቃሴ ሲሰማው ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አቅሙ ላለው በጣም ጥሩ ነው፤ እንስሳቱን ሳይጎዳ ያባርራል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ መበተን ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ነው፤ ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ግን ብቻውን አልመክረውም። የተገኘውን ዓይነ ምድር በየዕለቱ ማንሣት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሄድ ሥራ ነው፤ በፕላስቲክ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል እንጂ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አይግባ፤ የቤት ኮምፖስት ሙቀት ተሕዋሲውን ለመግደል በቂ ላይሆን ይችላልና። የጓሮው አትክልት መጣል የለበትም፤ በሚገባ ከበሰለ ችግር የለውም፤ ጥሬውን የሚበላውን ግን እርስዎ በእርግዝናዎ ወቅት ቢተዉት እመርጣለሁ።

በረኪናውን በተመለከተ ባለቤትዎን እንዲህ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል፦ በረኪና የቶክሶፕላዝሞሲስን ቅንጣት አይገድልም፤ ተክሉን ያቃጥላል፤ ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ለሰው ትንፋሽ ጎጂ የሆነ ጋዝ ያወጣል። ናፍታሊንም እንዲሁ ልጅ አንሥቶ ሊውጠው ስለሚችል ጓሮ ውስጥ ቦታ የለውም። ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ መበተንም ከእግሯ ወደ ዓይኗና ወደ ምላሷ ገብቶ እንስሳዋን ከማሠቃየት በቀር ፋይዳ የለውም።

መርዙን በተመለከተ በምንም መልኩ አትሞክሩት። ድመት መርዝ በልታ የምትሞተው ወዲያው አይደለም፤ ተሠቃይታ ነው። የተመረዘ ሥጋ ደግሞ ማን እንደሚያገኘው አይታወቅም፤ ውሻ ሊበላው፣ ወፍ ይዞት ሄዶ ሌላ ግቢ ሊጥለው፣ ዓይነ ምድሩን በእጁ ይዞ የመጣው የእርስዎው ሕፃን ሊያገኘው ይችላል። በብዙ አገሮች ሕግም ያስጠይቃል። ልብዎ እሺ አለማለቱ ትክክል ነው፤ የባለቤትዎ ወንድም ይህን ሐሳብ ደግመው ቢያነሡት በግልጽ ተቃወሟቸው።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ እናታችን የመለሱልዎትን መልስ እስቲ እንደገና እናስተውለው። «ድመት አስሬ ላኑር?» ማለታቸው የማይቻል ነገር የተጠየቁ ስለመሰላቸው ነው። ድመት ሂጂ ስትባል የምትሄድ፣ ቅሪ ስትባል የምትቀር እንስሳ አይደለችም፤ «ድመትዎን ይያዙልኝ» የሚል ጥያቄም ባለቤቲቱን አጥፊ ከማድረግ በስተቀር መልስ የለውም። ስለዚህ ከእርሳቸው ሊጠየቅ የሚገባው እርሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሁለት ነው። አንደኛው በገዛ ግቢያቸው፣ ዝናብ በማያገኘውና ድመቷ ከምትበላበት በራቀ ጥግ፣ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ማኖር ነው። ከእርስዎ ጓሮ የተነሣ ጥቂት ዓይነ ምድር መጀመሪያ እዚያ ቢቀበር ሽታው ድመቷን ይመራታል፤ በየዕለቱ ከተጠረገም ትለምደዋለች። ድመቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ አንድ ቦታ አይበቃቸውም። ሁለተኛው በእንስሳት ሐኪም የወስፋት መድኃኒት ማሰጠትና ማምከን ነው። ካልተኮላሹ ወንድ ድመቶች ውስጥ ብዙዎቹ በየአጥሩ ሽንት ይረጫሉ፤ ከተኮላሹ በኋላ ከ10 ወንድ ድመቶች 9ኙ ገደማ ይህን ይተዋሉ ወይም በእጅጉ ይቀንሳሉ። ሴቷም ከ9 ሳምንት እርግዝና በኋላ የምትወልዳቸው ግልገሎች ነገ ወደ እናንተው ጓሮ የሚመጡ ናቸው።

ሄደው ሲያነጋግሯቸው በአጥር ላይ አይሁን፤ ገብተው፣ ተቀምጠው ይሁን። የማንኛዋ ድመት ናት የሚለውን ክርክር ጨርሶ አያንሡት፤ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ቢረጋገጥም አይጠቅምም። ከእርግዝናዎና ከልጁ ይጀምሩ፦ «እማማ፣ ልጁ አሸዋው ውስጥ ይህን አግኝቶ በእጁ ይዞት መጣ፤ እኔም እንደሚያዩኝ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሐኪሞች ለፅንሱ ያሠጋል ይላሉ። በእኛ በኩል መደቡን በሽቦ እየሸፈንን ነው። በእርስዎ በኩል ደግሞ አንድ ጥግ አሸዋ ብናደርግ ባለቤቴ አምጥቶ ያፈስልዎታል።» አሸዋውን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ከሳሽ ሆኖ አይታይም። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ለድመታቸው ያላቸውን ፍቅር ማክበርዎን በቃልም ቢገልጹላቸው መልካም ነው፤ ለእርሳቸው ያቺ ድመት የቤት ሰው ናት። ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰዱ የሚከብዳቸው ከሆነም አብራችኋቸው ሂዱ።

በግራ በኩል ላሉት ከእግዚአብሔር ሰላምታ ያለፈ ቅርርብ ከሌላችሁ አጭር፣ ጨዋነት ያለው ማስታወሻ በቂ ነው፤ ይኸው ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቅበት። ምንም ካልተመለሰልዎ ቀኑን መዝግበው፣ የተቆፈረውን መደብ ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ በምትኖሩበት አካባቢ የቤት እንስሳትንና ንጽሕናን የሚመለከት ደንብ ካለ ለሚመለከተው አካል ለማቅረብ ይጠቅማል። ይህን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት እንጂ ለእናታችን እንደ ማስፈራሪያ አይጥቀሱባቸው።

ሥራው የሚቀድምበትን ለመናገር ያህል፦ ሐኪምዎና አሸዋው የዛሬ ጉዳይ ናቸው፤ የሽቦ መረቡ በዚህ ሳምንት ይሁን፤ እናታችን ዘንድ የሚሄዱት መረቡ ከተነጠፈ በኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ የራስዎን ድርሻ አስቀድመው ሠርተው ያገኙዎታል። ድመት የለመደችውን ቦታ በአንድ ሌሊት አትተውምና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ጭረት ቢያዩ ዘዴው አልሠራም ብላችሁ መረቡን እንዳታነሡት፤ ሽቦ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጋችሁ እርሱን ጨምራችሁ ሸፍኑ።