ጥያቄና መልስ፦ ዮፍታሔ ልጁን በእርግጥ ሠውቷታልን?

ጥያቄ፦ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ታምሜ ከአልጋ በዋልሁ ጊዜ፣ «አምላኬ ሆይ፣ ለአገሬ አፈር ካበቃኸኝ ልጄን ለገዳም እሰጣለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ድኜ ገባሁ። ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው፤ መመንኮስ ግን አትፈልግም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 የዮፍታሔን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በእርግጥ ልጁን ሠውቷታልን? እግዚአብሔርስ ስለ ምን አልከለከለውም? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅታችን፣ ስለ ልጅዎ ከመናገሬ በፊት ታሪኩን አብረን በዝግታ እናንብበው፤ እንቅልፍ የነሣዎት መጽሐፉ ሳይናገረው ያለፈው ነገር ይመስለኛልና።

ዮፍታሔ ከጋለሞታ በመወለዱ ወንድሞቹ «በአባታችን ቤት አትወርስም» ብለው ያሳደዱት፣ በጦብ ምድር በስደት የኖረ ሰው ነው። አሞናውያን በእስራኤል ላይ በተነሡ ጊዜ የገለዓድ ሽማግሎች ለምነው መለሱት። እርሱም ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት ለአሞን ንጉሥ ሁለት ጊዜ መልእክተኛ ላከ፤ የ300 ዓመት ታሪክ እየጠቀሰም ስለ ምድሪቱ በቃል ተሟገተ። እንዲህ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው በቁጥር 31 ላይ ሳይመዝን ተናገረ፤ በደኅና ከተመለስሁ ሊቀበለኝ ከቤቴ ደጅ የሚወጣው ለእግዚአብሔር ይሆናል፣ ለሚቃጠልም መሥዋዕት አቀርበዋለሁ አለ። የእግዚአብሔር መንፈስ በዮፍታሔ ላይ መሆኑ የተጻፈው ግን ከስእለቱ በፊት፣ በቁጥር 29 ነው። እግዚአብሔር ይህን ስእለት አልጠየቀውም፤ ድሉም በስእለት የተገዛ አይደለም። ድል አድርጎ ሲመለስ ግን ሊቀበለው ከደጁ የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች።

የሊቃውንቱ ክርክር የሚጀምረው ከአንዲት ፊደል ነው። «ለእግዚአብሔር ይሆናል» የሚለውን «መሥዋዕት አቀርበዋለሁ» ከሚለው ጋር የሚያያይዘው የዕብራይስጡ «ዋው» እንደ ግእዙ «ወ» ሁሉ «እና» ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ወይም» ተብሎ ይፈታል። በዚህ መንገድ የሄደው የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ የመጽሐፍ ተርጓሚ ረቢ ዳዊት ቂምሒ፣ የሚወጣው ለመሥዋዕት የሚገባ እንስሳ ከሆነ እንዲሠዋ፣ ካልሆነ ግን ለእግዚአብሔር ተለይቶ እንዲኖር ማለት ነው ብሎ፣ ልጅቱ ሳታገባ ተለይታ ኖረች ሲል ፈታው። በተራሮች ላይ ያለቀሰችው ስለ ድንግልናዋ ነው መባሉ፣ በቁጥር 39 ላይም ወንድ እንዳላወቀች መጻፉ ይህን ትርጓሜ ይደግፋል። በሌላ ወገን አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፎስ ተሠውታለች ይላል፤ መሥዋዕቱም ሕጋዊ እንዳልነበረ፣ እግዚአብሔርንም ደስ እንዳላሰኘ ይጨምራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም መሠዋቷን ተቀብሎ፣ እግዚአብሔር ይህ እንዲፈጸም የተወው ከዚያ በኋላ ማንም እንዲህ ያለ ስእለት እንዳይሳል ነው ብሎ አስተምሯል።

እኔ ተሠውታለች ወደሚለው አደላለሁ፤ «እንደ ተሳለው ስእለት አደረገባት» የሚለውን ቃል አለዝቦ ማንበብ ይከብደኛል። ነገር ግን ጸሐፊው ቢላዋውንም እሳቱንም አላሳየንም። በመጻሕፍት ቤት መምህሩ አንዱን ከተረጎመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ሲያመጣ የፊተኛውን አይሽርም፤ እዚህም ሁለቱን ይዞ መቀመጥ ይገባል።

የደጁን ነገር ግን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ልጅቱ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች በምጽጳ ወዳለው ቤታቸው ደጅ ትወጣለች፤ አባቷ ከድል መመለሱ ነውና እንደ አገሩ ልማድ በደስታ ልትቀበለው ነው። አባት ባያት ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገርም እርሷ እንዳዋረደችው፣ እንዳስጨነቀችውም የሚናገር ወቀሳ ነው። የተሳለው እርሱ፣ የተወቀሰችው እርሷ! ከአባቱ ቤት ያለ ርስት የተባረረው ሰው፣ ከርሷ በቀር ወንድም ሴትም ልጅ ሳይኖረው፣ የገዛ ቤቱን ደጅ በአፉ ዘጋው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

«አንድያ» ተብሎ ለእርሷ የተነገረው የዕብራይስጥ ቃል በዘፍጥረት 22 ለይስሐቅ ከተነገረው ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ከሰማይ የሚጮኽ መልአክ፣ በቀንዱ የተያዘ በግ ይጠብቃል። አይመጣም። አብርሃም ቢላዋ ያነሣው ታዝዞ ነበር፤ ዮፍታሔን ግን ያዘዘው የለም። የከለከለው ሕግ ደግሞ አስቀድሞ ተጽፏል። ዘዳግም 12፥31 ልጆችን በእሳት ማቃጠል እግዚአብሔር የሚጠላው ርኵሰት ነው ይላል። ዘሌዋውያን 5፥4 ሳያስብ በከንፈሩ የማለ ሰው ተናዝዞ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ያዝዛል። ዘሌዋውያን 27 ደግሞ ሰው ለእግዚአብሔር ሲሳል ዋጋው በብር እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ላለች ሴት ልጅ ዋጋው 10 ሰቅል ነው። በዚያው ምዕራፍ በዋጋ የማይዋጀው «እርም» የተባለው፣ ፈጽሞ ለእግዚአብሔር የተለየው ነው፤ ዮፍታሔ ግን እርም አላለም፣ ስእለት ተሳለ እንጂ።

ልጅቱ በተራሮች ላይ ስለ ድንግልናዋ ልታለቅስ የለመነችው ሁለት ወር ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት ካህን የጠየቀ አልተጻፈም። የአይሁድ መምህራን ትውፊት፣ ዮፍታሔ «እኔ አለቃ ሆኜ ወደ ፊንሐስ ልሂድን?» ሲል፣ ፊንሐስም «እኔ ሊቀ ካህናት ሆኜ ወደ እርሱ ልሂድን?» ሲል በመካከል ልጅቱ ጠፋች ይላል። ሐዋርያው በዕብራውያን 11፥32 ዮፍታሔን ከእምነት ሰዎች ጋር ቢቈጥረውም፣ እምነቱን ማመስገኑ ስእለቱን ማጽደቅ አይደለም።

አሁን ወደ ቤትዎ እንመለስ። እርስዎ ስለ ራስዎ የተሳሉት ጾም፣ ጸሎት ወይም መባ ቢሆን ኖሮ «ፈጽሙት» እልዎት ነበር፤ ስእለት ቀላል ነገር አይደለምና። የተሳሉት ግን የልጅዎን ዕድሜ ነው። ምንኩስና በገዛ ፈቃድ የሚገቡበት፣ በአመክሮ የሚፈተኑበት ሕይወት ነው፤ ሳትወድ የምትገባ ልጅ መነኵሲት አትሆንም። «ሐናስ ሳሙኤልን ሰጥታ የለምን?» የሚልዎት ቢኖር፣ ሳሙኤል ራሱ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ብሎ በአፉ መመለሱን ያስታውሱት። ሄሮድስም ስለ መሐላው ሲል የዮሐንስን አንገት አስቈርጧል፤ በየዓመቱ መስከረም 2 የምናስበው የመጥምቁን ሰማዕትነት ነው እንጂ የሄሮድስን ቃል አክባሪነት አይደለም።

ስለዚህ ሳይዘገዩ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። በሕመምዎ ጊዜ ያሉትን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሯቸው፤ በስእለቱ ፈንታ የሚሆነውን ቀኖና የሚሰጡዎት እርሳቸው ናቸው። ልጅዎን በመጀመሪያው ቀን ይዘው አይሂዱ። ስለ ስእለቱ ሰምታ ከሆነ ግን፣ የእርስዎ መዳን በእርሷ አንገት ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናቷ አፍ፣ ዛሬ ማታውኑ ትስማው።